ከፊውዝ ሽቦ እስከ ሲሊኮን ስዊች፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ማከፋፈያ መከላከያ ታሪክ

የኤሌክትሪክ ኃይል ከምንጩ ተነሥቶ ከተጠቃሚው እስኪደርስ ድረስ ደጋግሞ የሚከፋፈል ነገር ነው። ከማመንጫው የወጣው ለየከተማው፣ ከከተማው የደረሰው ለየቤቱ፣ ከቤት የገባው ለየሶኬቱ ይታደላል። በሶኬቱ ላይ በተሰካው መሣሪያ ውስጥም ይኸው እደላ በአነስተኛ መጠን ይቀጥላል፤ አንድ የኃይል ሰጪ ክፍል በርካታ ሰርኪዩቶችን ይመግባል። ኃይል በሚከፋፈልበት ስፍራ ሁሉ ደግሞ አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሣል። ይኸውም ከቅርንጫፎቹ አንዱ ቢበላሽ የቀሩት ምን ይሆናሉ የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከአንድ መቶ ሰባ በሚበልጡ ዓመታት ውስጥ የተሰጡት መልሶች በመልካቸው እጅግ የተለያዩ፣ በመሠረታቸው ግን የተዛመዱ ናቸው። ሁሉም «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምክር በመሣሪያ ቋንቋ የሚፈጽሙ ናቸው። ከዘመን ወደ ዘመን የተለወጠው የመከላከያው የማየት ችሎታ ነው። የመጀመሪያው መከላከያ ከራሱ ሙቀት በቀር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የዛሬው ግን ኮረንቱን ይለካል፤ ጊዜ ይቆጥራል፤ ሙቀቱን ይከታተላል፤ የደረሰውንም ነገር ለባለቤቱ ያሳውቃል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የሚቀልጠው ሽቦ

የታሪኩ መነሻ አንድ የፊዚክስ ሕግ ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል በ1841 በአስተላላፊ ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከሽቦው ሬዚስታንስና ከኮረንቱ ስኩዌር ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን አስታወቀ። በዚህም መሠረት ኮረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ፣ ኮረንቱ ዐሥር እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ መቶ እጥፍ ይሆናል። ሕጉ የአደጋው ምክንያት ነው፤ የመድኃኒቱም ምንጭ እርሱ ራሱ ነው። ከመጠን ያለፈ ኮረንት ሽቦን የሚያግል ከሆነ፣ ከሌላው ሽቦ ሁሉ ቀድሞ የሚግልና የሚበጠስ አንድ ደካማ ስፍራ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይቻላል።

ይህን አሳብ በሥራ ላይ ካዋሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬጌ ነው። ብሬጌ በ1847 የቴሌግራፍ ጣቢያዎችን ከመብረቅ ለመጠበቅ በመሥመሩ መግቢያ ላይ ከሌላው የቀጠነ ሽቦ እንዲገባ መከረ። መብረቁ ሲመጣ ቀጭኑ ሽቦ ይቀልጣል፤ በዚያው መሥመሩ ተቆርጦ መሣሪያው ይተርፋል። ኋላም ቶማስ ኤዲሰን የኤሌክትሪክ ብርሃንን ለሕዝብ ለማዳረስ ሲነሣ ለመብራት መሥመሮች የሚሆን የደኅንነት ሽቦ አቅዶ በ1880 የፈጠራ መብት አገኘበት። የፐርል ስትሪት የኃይል ማመንጫ በመስከረም 4 ቀን 1882 ለታችኛው ማንሃታን በ110 ቮልት ኃይል ማደል ሲጀምር፣ በአንድ ደንበኛ ቤት የተነሣ ብልሽት የጎረቤቱን መብራት እንዳያጠፋ ማድረግ የውዴታ ጉዳይ መሆኑ ቀረ።

ለፊውዝ ሥራ የተመረጡት ብረታ ብረቶች በቀላሉ የሚቀልጡት ነበሩ። ቆርቆሮ በ232፣ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጡ መዳብ ግን እስከ 1085 ዲግሪ ይታገሣል። የትኛው ውፍረት በስንት አምፔር እንደሚቀልጥ በልምድ ብቻ ይገመት የነበረውን ነገር በስሌት ያስቀመጠው የብሪታንያ ፖስታ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ የነበረው ዊልያም ፕሪስ ነው። ፕሪስ በ1880ዎቹ ባደረጋቸው ምርመራዎች የማቅለጫው ኮረንት ከሽቦው ዲያሜትር 1.5ኛ ፓወር ጋር እንደሚያድግ አሳየ። በዚህ ስሌት 1 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው የመዳብ ሽቦ በ80 አምፔር አካባቢ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ያለው በ28 አምፔር አካባቢ፣ 0.2 ሚሊሜትር ያለው ደግሞ በ7 አምፔር አካባቢ ይቀልጣል።

እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ለመምህርነት የሚበቁ ናቸው። ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠልበት የተሰላቸ ሰው በ0.2 ሚሊሜትሩ ፈንታ ቤት ውስጥ ያገኘውን የግማሽ ሚሊሜትር ሽቦ ቢያስርበት በዓይን ሲታይ ልዩነቱ ኢምንት ነው። መከላከያው ግን በ7 አምፔር መቁረጡን ትቶ እስከ 28 አምፔር ዝም ብሎ ይመለከታል። በዚያን ጊዜ ፊውዝ የሚሆነው በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ነው። በአሜሪካ በሚጠመዘዘው ፊውዝ ሥር ሳንቲም ማስገባት የተለመደ ስለ ነበር ትልቁ ፊውዝ በትንሹ ቦታ እንዳይገባ የሚከለክል ሌላ ዓይነት አቃፊ እስከ መሥራት ተደርሷል። በአገራችንም በፊውዝ ፈንታ የተጠመዘዘ የመዳብ ክር ማግኘት ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዲህ የፊውዝ ትልቁ ድካም ከሥራው በኋላ መሞቱ ነው ማለት ይቻላል። ይሞታልና ሰው ይተካዋል፤ ሰው ይተካዋልና ይሳሳትበታል።

ሌላም ችግር ነበረ። ሽቦው ሲቀልጥ ኮረንቱ ወዲያው አይቆምም፤ በተከፈተው ክፍተት ላይ የሚነድ የኤሌክትሪክ ቅስት ይፈጠርና በብረቱ ትነት ውስጥ ለጥቂት ጊዜ መፍሰሱን ይቀጥላል። ስለዚህ ሽቦው በሸክላ ወይም በመስተዋት ቱቦ ውስጥ ተከተተ፤ ለትልልቅ ኮረንቶችም ቱቦው በአሸዋ ተሞላ። አሸዋው እየቀለጠ የቅስቱን ሙቀት ይወስዳል፤ እሳቱንም ያፍነዋል። ይህ አሠራር እስከ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

የሚነሣውና የሚመለሰው

ከቆረጠ በኋላ የማይሞት መከላከያ የመፈለጉ ሥራ በትልልቅ የኃይል ጣቢያዎች ቀደም ብሎ የተጀመረ ቢሆንም፣ ወደ መኖሪያ ቤት የገባው በጀርመን አገር በማንሃይም ከተማ በተደረገ ፈጠራ ነው። ሁጎ ሽቶትስ ከመሐንዲሱ ከሃይንሪሽ ሻኽትነር ጋር በ1924 የፈጠራ መብት ያገኘበት ትንሹ ብሬከር ሁለት የተለያዩ ስሜቶችን በአንድ አካል ውስጥ አዋሐደ።

የመጀመሪያው ስሜት የሙቀት ነው። በሙቀት የመስፋት መጠናቸው የተለያየ ሁለት ብረቶች ተጣብቀው የተሠራው ዝርግ ኮረንቱ ሲበዛበት ቀስ በቀስ ይጎብጣል፤ በበቂ ሁኔታ ሲጎብጥ የተወጠረውን ሞላ ይለቀዋል። ሁለተኛው የማግኔት ነው። ኮረንቱ በአንድ ጊዜ ብዙ እጥፍ ሲሆን ጥቅል ሽቦው ጠንካራ ማግኔት ይሆንና የሙቀቱን ዘገምተኛነት ሳይጠብቅ ሞላውን በቅጽበት ያስለቅቃል።

ይህ ክፍፍል በመከላከያ ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ሁለቱ ስሜቶች ለሁለት ልዩ ልዩ ጥፋቶች የቆሙ ናቸውና። ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ሴኮንዶች ብዙ ኮረንት ይስባል፤ ይህ ጥፋት ስላይደለ ሊታለፍ ይገባዋል። በተለመደው አነጋገር ኮንታክት፣ በባለሙያዎች ቋንቋ ሾርት ሰርኪዩት የሚባለው ግን ለአንዲት ሴኮንድ እንኳ ሊታለፍ አይገባውም። መከላከያ ሁልጊዜ በሁለት ስሕተቶች መካከል ይቆማል። ያለ ምክንያት ቢቆርጥ ሥራ ያስፈታል፤ ዘግይቶ ቢቆርጥ ቤት ያቃጥላል። ከ1924 ወዲህ የመጡት መከላከያዎች ሁሉ ይህን ልዩነት ይበልጥ በጠራ ሁኔታ ለማየት የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው።

ሲሊኮን ራሱን መጠበቅ ሲማር

ትራንዚስተር በታኅሣሥ 1947 በቤል ላቦራቶሪ ከተፈጠረ በኋላ ጉዳዩ አዲስ መልክ ያዘ። የመዳብ ሽቦ ለመጋል ጊዜ ይፈልጋል፤ ደቃቁ የሲሊኮን ቁራጭ ግን በሚሊሴኮንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። በኤሌክትሮኒክስ ሰዎች መካከል ትራንዚስተር ቀድሞ በመቃጠል ፊውዙን ያድነዋል የሚል ቀልድ የተለመደው ከዚህ የተነሣ ነው። ቀልዱ እውነት አለው። ሲሊኮንን በሽቦ ፍጥነት መጠበቅ የማይቻል ስለሆነ ሲሊኮንን የሚጠብቀው ሌላ ሲሊኮን መሆን ነበረበት።

የመጀመሪያው ዘዴ እጅግ ቀላል ነበር። ኮረንቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ አንድ ትንሽ ሬዚስተር ይቀመጣል፤ በሬዚስተሩ ላይ የሚታየው ቮልቴጅ 0.65 ቮልት አካባቢ ሲደርስ አንድ ረዳት ትራንዚስተር ይከፈትና ዋናውን ትራንዚስተር የሚነዳውን ምልክት ይነጥቀዋል። ሬዚስተሩ 1 ኦህም ቢሆን ኮረንቱ ከ0.65 አምፔር አያልፍም። በዚህ ዘዴ ከመቁረጥ የተለየ አዲስ ጠባይ ተገኘ፤ ይኸውም መገደብ ነው። ፊውዝና ብሬከር የሚያውቁት ማለፍንና መከልከልን ብቻ ሲሆን፣ ይህኛው «ከዚህ በላይ አይሆንም» ብሎ የተፈቀደውን ማሳለፉን ይቀጥላል።

መገደብ ግን ዋጋ አለው። ጭነቱ ኮንታክት ሲሆን የምንጩ ቮልቴጅ በሙሉ በገዳቢው ትራንዚስተር ላይ ያርፋል፤ የተገደበው ኮረንት ከዚህ ቮልቴጅ ጋር ሲባዛ የሚገኘው ኃይል ሁሉ በትራንዚስተሩ ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛ ጠባቂ አስፈለገ። በናሽናል ሴሚኮንዳክተር ይሠራ የነበረው ቦብ ዊድላር በ1969 ዓለም ያያትን ኤል.ኤም. 109 የተባለች የ5 ቮልት ሬጉሌተር ሲያቅድ የኮረንት ገደቡንና የሙቀት መቆጣጠሪያውን ከዋናው ትራንዚስተር ጋር በአንድ የሲሊኮን ቁራጭ ላይ አኖራቸው። የሲሊኮን ትራንዚስተር የመክፈቻ ቮልቴጅ በያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 2 ሚሊቮልት ያህል ስለሚቀንስ፣ አንድ ትንሽ ትራንዚስተር ከሚግለው ጎን ተቀምጦ እንደ ቴርሞሜትር ሊያገለግል ይችላል። ቁራጩ ከልክ በላይ ሲግል ትራንዚስተሩ ይከፈትና ሁሉን ያጠፋል። ጠባቂውና ተጠባቂው አንድ አካል ስለሆኑ የአንዱ ትኩሳት ወዲያው ለሌላው ይሰማዋል።

በዚሁ ዘመን ለኃይል ስዊች የሚሆነው ሁለተኛው ግብዓት እየበሰለ ነበር። መሐመድ አታላና ዳዎን ካንግ በቤል ላቦራቶሪ በ1959 የፈጠሩት የሞስፌት ትራንዚስተር በ1970ዎቹ መጨረሻ ብዙ አምፔር የሚሸከም ሆኖ ገበያ ላይ ዋለ። ሞስፌት ሲከፈት ከሽቦ ያልራቀ ጠባይ ስላለው ኃይል ሳያባክን ኮረንት ለማሳለፍ እጅግ የተመቸ ነው። በ1980ዎቹ ደግሞ ካርቦን የተቀላቀለበት ፕላስቲክ ሲግል ሬዚስታንሱ በብዙ ሺህ እጥፍ የሚያድግበት፣ ሲበርድ ተመልሶ የሚያስተላልፍ ዓይነት ፊውዝ ተገኘ። ይህ ርካሽና ጠቃሚ ቢሆንም አሁንም የሚያውቀው የራሱን ሙቀት ብቻ ነው፤ ለመንቃትም ጊዜ ይወስዳል።

የአምስት ቮልቱ መሰኪያ

እነዚህን ሁሉ በአንዲት ትንሽ ቺፕ ውስጥ እንዲሰበሰቡ ያስገደደው በጥር 1996 የወጣው የዩ.ኤስ.ቢ. ደንብ ነው። ከዚያ በፊት በብዙ ኮምፒዩተሮች የኪቦርዱ 5 ቮልት የሚጠበቀው በዋናው ሰሌዳ ላይ በተበየደ ጥቃቅን ፊውዝ ነበር። የኪቦርዱ ገመድ አንድ ጊዜ ኮንታክት ቢፈጥር ፊውዙ ይቃጠላል፤ ፊውዙን ለመተካት ሰሌዳውን ወደ ጠጋኝ መውሰድ ግድ ይላል።

ዩ.ኤስ.ቢ. ከዚህ የተለየ ኑሮ ይዞ መጣ። መሣሪያዎች ኮምፒዩተሩ ሳይጠፋ የሚሰኩና የሚነቀሉ ሆኑ። አንድ መሣሪያ መጀመሪያ 100 ሚሊአምፔር፣ ኮምፒዩተሩ ሲፈቅድለት እስከ 500 ሚሊአምፔር እንዲስብ ተወሰነ። ኃይሉን ከኮምፒዩተሩ የሚወስድ ማከፋፈያ ከተሰጠው 500 ሚሊአምፔር 100ውን ለራሱ ይዞ ለአራት መሰኪያዎች መቶ መቶ ያድላል፤ እስኪፈቀድለት ድረስም የመሰኪያዎቹን ኃይል መዝጋት አለበት። የራሱ የኃይል ምንጭ ያለው ማከፋፈያ በበኩሉ ከመጠን ያለፈ ኮረንትን መከላከልና ሁኔታውን ለኮምፒዩተሩ ማሳወቅ ይገባዋል። አንዱ ግዴታ ማብራትና ማጥፋትን፣ ሌላው መጠበቅን ይጠይቃል። የኃይል ማከፋፈያ ስዊች የተባለው መሣሪያ የተስፋፋው ሁለቱን ግዴታዎች በአንድነት ስለሚፈጽም ነው።

ከኮንታክት ሌላ የተሰወረ ጠላትም አለ። ወደ መሰኪያው የሚገባው መሣሪያ በውስጡ ባዶ ካፓሲተር ይዞ ይመጣል፤ ደንቡ እስከ 10 ማይክሮፋራድ ፈቅዷል። ይህን ካፓሲተር እስከ 5 ቮልት ለመሙላት 50 ማይክሮኩሎም ያስፈልጋል። በ10 ማይክሮሴኮንድ ቢሞላ አማካዩ ኮረንት 5 አምፔር ይሆናል፤ በአንድ ሚሊሴኮንድ ቢሞላ ግን 50 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሁኔታ የመሥመሩ ቮልቴጅ ለቅጽበት ያሽቆለቁልና በአጠገቡ በሰላም ይሠራ የነበረው ሌላ መሣሪያ ሥራውን ያቋርጣል። ማንም አልተበላሸም፤ ነገር ግን አዲስ እንግዳ በሩን በኃይል ስለከፈተ ነባሩ ተጎዳ። መከላከያው እንግዲህ በጥፋት ጊዜ ብቻ ሳይሆን በጤና ጊዜም ሥራ አለው።

የስዊቹ አሠራር

በስዊቹ መካከል ከምንጩ ወደ ጭነቱ በሚሄደው መንገድ ላይ የቆመ ኤን ቻናል ሞስፌት አለ። በሲሊኮን ውስጥ ኤሌክትሮኖች ከአዎንታዊ ተሸካሚዎች ይልቅ ፈጣን ስለሆኑ ይህ ዓይነት ትራንዚስተር ለተመሳሳይ ሬዚስታንስ የሚፈልገው የሲሊኮን ስፋት ያነሰ ነው። ይሁንና ሙሉ በሙሉ እንዲከፈት በጌቱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከመሥመሩ 5 ቮልት በላይ መሆን አለበት። ስለዚህ በዚያው ቺፕ ውስጥ ትንንሽ ካፓሲተሮችን እያፈራረቀ በመሙላት ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ የቻርጅ ፓምፕ ይሠራል። የጌቱ ነጂ ሆን ተብሎ ዘገምተኛ ተደርጓል። ትራንዚስተሩ በሚሊሴኮንዶች ውስጥ ቀስ ብሎ ይከፈታል፤ የካፓሲተሩ ችግር በዚህ ይፈታል።

ኮረንቱን ለመለካት እንደ ቀድሞው በመንገዱ ላይ ሬዚስተር አይቀመጥም። ሞስፌቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ እኩያ ክፍሎች ጎን ለጎን ተያይዘው የተሠራ በመሆኑ ከእነርሱ ጥቂቶቹን ለይቶ የእነርሱን ድርሻ መለካት ይበቃል፤ ከናሙናው የጠቅላላው መጠን ይታወቃል። ልኩ ከተወሰነው ሲያልፍ አንድ አምፕሊፋየር የጌቱን ቮልቴጅ ይቀንሳል፤ ኮረንቱም ከገደቡ ላይ ይቆማል። ለ500 ሚሊአምፔር መሰኪያ የሚሆነው ገደብ አብዛኛውን ጊዜ 1 አምፔር አካባቢ የሚደረገው ቺፖች ሁሉ ፍጹም እኩል ሆነው ስለማይሠሩ ነው። ገደቡ ለ500 እጅግ ቢቀርብ ደንቡን የሚጠብቀውን ጤነኛ መሣሪያ የሚቀጣ ስዊች ሊገኝ ይችላል።

ኮንታክቱ ከዘለቀ 5 ቮልት ሲባዛ በ1 አምፔር፣ 5 ዋት ያህል ሙቀት ከጥፍር ባነሰ ቺፕ ላይ ይወርዳል። የሙቀቱ መጠን በፍጥነት ያድግና 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ የሙቀት ጠባቂው ትራንዚስተሩን ያጠፋዋል። ሃያ ዲግሪ ያህል ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይከፍተዋል፤ ብልሽቱ ካልተወገደ መልሶ ያጠፋዋል። በዚህ መካከል አንዲት የማስታወቂያ እግር ለኮምፒዩተሩ ምልክት ትሰጣለች። ምልክቷ ግን አትቸኩልም፤ መሣሪያ ሲሰካ የሚፈጠረውን አጭር ግርግር ጥፋት ብላ እንዳትዘግብ በብዙዎቹ ስዊቾች ጥቂት ሚሊሴኮንዶች ትጠብቃለች። ይህ ትዕግሥት ሻኽትነርና ሽቶትስ በብረቱ ዝርግ ጉብጠት ያገኙት ነው።

ይህ ሁሉ ጥበቃ በየዕለቱ የሚከፈል ግብር አለው። የስዊቹ ሬዚስታንስ 0.1 ኦህም ቢሆን በ500 ሚሊአምፔር 50 ሚሊቮልት ይቀራል። ኃይሉን ከኮምፒዩተሩ የሚወስድ ማከፋፈያ በመሥመሩ ላይ በጠቅላላው እንዲያጎድል የተፈቀደለት 350 ሚሊቮልት፣ ማለትም ከ4.75 እስከ 4.40 ቮልት ብቻ ስለሆነ፣ ገመዱና መሰኪያው ከሚወስዱት ጋር ሲደመር 50 ሚሊቮልት የሚናቅ አይደለም። አንዳንድ ሠሪዎች ለአራቱም መሰኪያዎች አንድ ስዊች ብቻ የሚያደርጉት ወጪ ለመቀነስ ነው፤ ደንቡም ይፈቅድላቸዋል። በዚያን ጊዜ ግን ቤቱ ከቃጠሎ ይድናል እንጂ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጥፋት አይድንም። በየመሰኪያው አንድ ስዊች ማኖር ከኤዲሰን ጀምሮ የነበረውን ጥያቄ በሙሉ ሲመልስ፣ አንዱን ለአራት ማድረግ ግማሹን ብቻ ይመልሳል።

የሽማግሌው ቦታ

የኃይሉ መጠን ከዚያ ወዲህ እጅግ አድጓል። በ2008 የወጣው ዩ.ኤስ.ቢ. 3.0 መሰኪያውን ወደ 900 ሚሊአምፔር ከፍ አደረገው፤ በ2021 የተሻሻለው የኃይል አቅርቦት ደንብ ደግሞ በ48 ቮልትና በ5 አምፔር እስከ 240 ዋት ፈቅዷል። በዚህ መጠን የሚሳሳት መከላከያ የሚያደርሰው ጉዳት መሣሪያ ከማቋረጥ ያልፋል። ስዊቾቹም ከኮረንት ሌላ የቮልቴጅ መብዛትንና ወደ ኋላ የሚመለስ ኮረንትን የሚያዩ ሆነዋል።

የሆነ ሆኖ የሲሊኮን ስዊች አንድ የማይሸሸግ ድካም አለበት። ሞስፌት ከአቅሙ በላይ ሲመታ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ተዘግቶ ሳይሆን ኮረንት እንዳሳለፈ ነው። በሩ ሲሰበር ክፍት ሆኖ የሚቀር ዘበኛ ማለት ነው። ፊውዝ ግን በሚሞትበት ጊዜ መንገዱን ቆርጦ ይሞታል። ከዚህም የተነሣ አስተዋይ መሐንዲሶች በኃይሉ መግቢያ ላይ ከስዊቾቹ ሁሉ በስተኋላ አንድ ፊውዝ ይተዋሉ። ስዊቹ በየዕለቱ የሚያጋጥመውን ጥፋት ይዳኛል፤ ፊውዙ ደግሞ ዳኛው ራሱ የወደቀ ዕለት ይሠራል። መሣሪያ የሚጠግን ሰው ይህን ፊውዝ ተቃጥሎ ባገኘው ጊዜ ከመተካቱ በፊት የተሰበረውን ስዊች መፈለግ ይኖርበታል፤ በምትኩ የሚያስገባው ሽቦ ውፍረትም ፕሪስ ካስቀመጠው ስሌት ማለፍ አይገባውም።